ወደ ጅቡቲ የዞረው ደብር

በልጅነቴ ደብር በዋናው በር የገባ ሰው ፊት ለፊት የመቅደሱን መጋረጃ አያገኝም። የሚቀበለው የመቅደሱ ግድግዳ ማዕዘን ነው፤ መጋረጃውን ለማየት ወደ ግራ መዞር አለበት። እንግዳ ይገረማል፣ እኛ ግን ለምደነዋል። ዛሬም ሌላ ቤተ ክርስቲያን ስገባ እግሬ ሳላዘው ወደ ግራ ይለኛል። ያ ደብር ምን ያህል እንደሚናፍቀኝ የማውቀው ያኔ ነው።

ከጣሊያን በኋላ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ መቃኞ የምንላት፣ ለጊዜው የምንገለገልባት የሣር ጎጆ እያፈሰሰች ስላስቸገረች የድሬ ባቡር ሠራተኞች ደብሩን በድንጋይ ሊሠሩ ተነሡ። ድንጋዩ ከደቻቱ ወንዝ እየተለቀመ በአህያ መጣ። ለበሩና ለመስኮቱ ጉበን ያረጀ ሐዲድ ተቆርጦ ገባ፤ ከቀለሙ ሥር ቅርጹ አሁንም ይታያል። ክቡን ግንብ የሚያነሣው በከተማው የታወቀ ሙስሊም ግንበኛ ነበር። ልኩን የሚያወጣው ደግሞ በባቡር ጥገና ቤት የሚሠራው አባቴ ነው።

አባቴ እኔ ያልኩት ካልሆነ የሚል ሰው ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ወጥቶ፣ ከግንበኛው በቀር ማንም በሌለበት፣ የመሠረቱን ገመድ ከሐዲዱ ጋር አስተካክሎ ዘረጋ። ለባቡር ሰው ጅቡቲ ምሥራቅ ናት፤ ሐዲዱ ግን ወደዚያ የሚሄደው ወደ ሰሜን አጋድሎ ነው። ግንበኛው ገመዱን አይቶ፣ «አቦ፣ ይሄ ምሥራቅ ነው እንዴ?» አለው። አባቴ ሳቀበት፤ የሐዲድ ሰው አቅጣጫ አይስትም አለው። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ማየት ይበቃ ነበር፣ ማንም አላየም። በሮቹም በዚያው ልክ ወጡ።

ግንቡ ከሰው ቁመት አልፎ የመቅደሱ መሠረት ሊጣል ሲል የደብሩ አለቃ በማለዳ መጡ። ፀሐይዋ መቅደሱ ከሚቆምበት ጀርባ መውጣት ሲገባት በጎን ስትወጣ አዩ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰ። መካ ለእኛ በሰሜን በኩል ናትና፣ ግንበኛው ሆን ብሎ ወደ መካ አዞረው ተባለ።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይባረር አሉ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ድሬ ውስጥ ማን ሥራ ይሰጠዋል? ገመዱን ማን እንደዘረጋ ሲጠይቁት መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። አባቴን ማጋለጥ አልፈለገም።

እኔ ከእናቴ ጋር ከሴቶቹ መሐል ነበርኩ። አባቴም ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዝምታ አፈርኩበት፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ግንበኛውን ዕቃህን ሰብስብ ሲሉት ነው አባቴ የተነሣው።

«ገመዱን የዘረጋሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሱማ ነግሮኝ ነበር። ስቄበት ነው።»

አለቃውም፣ ግንቡ አይፈርስም፣ በሮቹም ባሉበት ይሁኑ፣ መቅደሱ ብቻ ወደ ምሥራቅ ይዙር አሉ። ሰው ሲበተን አባቴ ሄዶ ግንበኛው አጠገብ ቆመ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ግንበኛው መዶሻውን ከከረጢቱ መልሶ እያወጣ፣

«ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ና» አለው። «አብረን እንዘረጋዋለን።»

አባቴ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሄደ። የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ ግንበኛው ሳብ ሲለው ሳበ፣ ላላ አድርግ ሲለው አላላ።