ወደ ታች አንድ፣ ወደ ላይ አራት

ደባርቅ ውስጥ እኔን የሚያህል ሞተረኛ የለም። ማንም አላስተማረኝም፤ እየወደቅሁ፣ እየፈታሁ ራሴው ነኝ የተማርሁት። ያም ሆኖ ሞተሩ የእኔና የአጎቴ የጋራችን ነበር።

አጎቴ የሚወዱት የተለመደውን የማርሽ አቀያየር ነው፤ አንደኛ ወደ ታች ይረገጣል፣ ሌሎቹ በእግር ጣት ወደ ላይ ይነሳሉ። እኔ ግን እንደ እሽቅድምድም ሞተር እገለብጠዋለሁ፤ አንደኛ ወደ ላይ፣ ሌሎቹ ወደ ታች። ተወዳዳሪ ግራ ኩርባ ላይ ሞተሩን አጋድሞ ሲወጣ እግሩን ከማርሽ መርገጫው ስር ማስገባት ይቸግረዋል፤ መርገጥ ይቀለዋል።

«አንተ ደሞ ማንን ልትቀድም ነው? የዳባትን ሚኒባስ?» ይሉኛል።

«ምን ያቅተኛል?»

«እኔን ከኋላ ጭነህ?»

ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ መፍቻ ያወጡና መርገጫውን ፈትተው ይመልሱታል። ተራዬ ሲደርስ እገለብጣለሁ፣ ተራቸው ሲደርስ ይመልሳሉ። ስንት ዓመት እንዲህ ስንሟገት ኖርን፤ አንዳችንም አልተሸነፍንም።

አጎቴን ከቀበርን ወዲህ ሞተሩን ያስነሳሁት ገና ትናንት ነው። አቀበቱ ላይ ማርሽ ልጨምር ብዬ እንደ ልማዴ ረገጥሁ። ለካ እሳቸው እንደመለሱት ነው፤ ማርሹ ቀነሰ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ለጥቂት ነው ያልወደቅሁት።

«ጋሼ፣ ልምምድ ዛሬ ጀመሩ እንዴ?» አለኝ ከኋላዬ የነበረ ባለባጃጅ።

ሞተሩን አዙሬ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ቤት ስገባ የአጎቴ ባለቤት ያን መፍቻ ሰጡኝ። «እንግዲህ እንደወደድህ አድርገው» አሉኝ።

ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ አልሁ። መርገጫውን ብገለብጠው ነገ የሚመልሰው ሰው የለም። ተውሁት።