የማዳበሪያው እሳት

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም ገና አልደረቀም፤ እኔም ገና ሰው አላውቅም። ሙቀቱ የሚያበሽቀኝ፣ ቶሎ የምቆጣ የደጋ ሴት ነበርኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ድምፄን የምሰማው ከራሴ ጋር ስነጫነጭ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ግን ይመጣ ነበር። በአጥር የምንዋሰን፣ የባሮን ዓሣ በጭስ እያደረቁ የሚሸጡ የአገሩ ተወላጅ እናት አመሻሽ ላይ ገል ይዘው ብቅ ይላሉ።

"አስተማሪ፣ እሳት አለ?"

የእሳቸው የጠፋ ቀን ከኔ ይጭራሉ፤ የኔ የጠፋ ቀን እኔ እሄዳለሁ። በክረምት እንጨቱ ስለሚርስ የአንዳችን ምድጃ መጥፋቱ አይቀርም። ፍሙ እስኪበስል ቁጭ ብለን ስለ ዓሣው፣ ስለ ተማሪዎቼ፣ ስለሚያማቸው ጉልበታቸው እናወራለን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ፤ በዚያ ከተማ የነበሩኝ ዘመድ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ መምጣት ተዉ። ታመው ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ግቢያቸው ስገባ ጥቁር ጭስ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። የተቀዳደደ ማዳበሪያ፣ ያ የእርዳታ እህል የሚመጣበት የፕላስቲክ ጆንያ፣ በክብሪት ለኩሰው ከርጥቡ እንጨት ስር ሰደውታል። ርጥቡም ተያይዟል።

"እማማ፣ ይሄ ጭስ እኮ መርዝ ነው" አልኳቸው በክፍል ድምፄ።

"አውቃለሁ። ዓሣ ስር አላደርግም። ዓሣ ይሸታል።"

"ለዓሣው ያዘኑትን ያህል ለሳንባዎ ቢያዝኑስ?"

ሳቁ። "ደረቅ እንጨት ሩቅ ነው፤ ጉልበቴ አይሄድም። ዛፍም እያለቀ ነው። ይሄ መንገድ ላይ ወድቋል።"

ዛፍ አትቁረጡ እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ፤ ጭሱ የሚያስለውም እኔኑ ነው። የትኛው እንደሚብስ ዛሬም አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ግን ያስከፋኝ ዛፉም ሳንባውም አልነበረም። እሳት ለማንደድ ጎረቤት አለማስፈለጉ ነው።

በማግስቱ ዝናቡ ሲያባራ የራሴን እሳት ውሃ አፈሰስኩበትና ገል ይዤ ሄድኩ።

"እማማ፣ እሳት አለ?"

በሐዘኔታ አዩኝ። ፍሙን ገሌ ላይ አደረጉልኝ፤ ከዚያ ጓዳ ገብተው ተጠቅልሎ የታሰረ ማዳበሪያ አመጡና ብብቴ ስር ሸጎጡልኝ።

"ያንቺ ነው። ከዛሬ በኋላ በዝናብ አትመጪም፤ አትቸገሪም።"

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ማዳበሪያው ክረምቱን ሙሉ የሚበቃ ነበር።