የድንበሩ ጌሾ

ዛሬ ንፋስ መውጫ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ አንድ ጆንያ ደረቅ ጌሾ ጭኖ ነበር። መራራ ሽታው ሲሸተኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ እስቴ በሚገኘው ሰፈራችን፣ የእኛንና የጎረቤታችንን የእትየ ስንዱን ጓሮ የሚያዋስን አንድ ጌሾ ነበር። እናቴም እሳቸውም "የእኔ ነው" እያሉ ሰላምታ ካቋረጡ ሰንብተው ነበር። አንድ ቀን ሁለቱም ማጭድ ይዘው ጌሾው ስር ተፋጠጡ። እናቴ "በሕግ አምላክ!" ስትል ሁለቱም ባሉበት ቆሙ፤ ሽማግሌው አባ ውበቱም ተጠሩ።

አባ ውበቱ ጌሾውን ዞረው አዩትና፣ "ድንበሩ እስኪለይ አብራችሁ ልቀሙ፤ ጠላውንም አብራችሁ ጥመቁ። ሲደርስ ቀምሼ እፈርዳለሁ" አሉ።

ጠላው ለሚካኤል ደረሰ። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው ፍርዱን ጠበቁ። አባ ውበቱ ሦስተኛውን ዋንጫ ጨልጠው ጺማቸውን ጠረጉ።

"ነገሩ ከባድ ነው። ለከርሞም ጥመቁና ጥሩኝ።"

በዓመቱም ጠጥተው ይህንኑ አሉ።

ከባጃጁ ሳልወርድ ለእናቴ ደወልኩላት።

"እማ፣ ድንበሩ ተለየ?"

"ኧረ ተይኝ፣ ከእትየ ስንዱ ጋር ጠላ እየጠመቅን ነው!"

እትየ ስንዱ ከኋላዋ ሲጮኹ ሰማኋቸው፦ "ጌሾው ግን የእኔ ነው በያት!"