ሳዳ ስለ ልጇ የተናገረችው

ሳዳን ያወቅኋት በርበሬ ልገዛ ሄጄ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሐረር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ ከዘረጋችው ማዳበሪያ ፊት ቆሜ፣ "ጥሩ ነው?" ብዬ ጠየቅኋት። "ደህና ነው፤ የተሻለ ከፈለጉ እዚያ ማዶ አለ" አለችኝ። በዕድሜዬ ነጋዴ እንዲህ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ከሷው ገዛሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም።

አሁን አርባ አራት ዓመቷ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ሶፊ ተወልዳ፣ ጀጎል ውስጥ ጎጆ ወጥታ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን ትምህርት ሳትቀጥል የቀረች፣ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ባሏ ሙሜ እርሻው ሶፊ ስለሆነ ሳምንቱን እዚያ ነው የሚሰነብተው፤ የቤቱም የገበያውም አዛዥ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ሮማነወርቅ እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከተማው ግን እስከ ዛሬ ቲቸር ነው የሚለኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም።

አምና መስከረም ላይ ሳዳ ልጇን ናፊያን አስከትላ ሸዋ በር አጠገብ ካለው ቤቴ መጣች። ናፊያ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ያላቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት።

"ቲቸር" አለች ሳዳ ገና ሳትቀመጥ፣ "ይቺ ልጅ ውጭ አገር ሃይስኩል መማር ይቻላል ትለኛለች። እውነት ነው ወይስ ኢንተርኔት ነው?"

እውነት ነበር። ናፊያ ስልኳ ላይ ስታስስ ከርማ ሦስት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ለይታለች፤ አንዱ ማሌዥያ፣ አንዱ ቱርክ፣ አንዱ ካናዳ። ሦስቱም ለውጭ ተማሪ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ፎቶዎቹን ተራ በተራ አሳየናት። ሳሩ የተከረከመ፣ ተማሪው ሁሉ የሚስቅ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያብረቀርቅ ነው።

"አቦ፣ ይሄ የማዳበሪያው አፍ ነው" አለች ሳዳ። "ሆዱን አሳዩኝ።"

ደላላ ጥሩውን በርበሬ ከላይ፣ ሻጋታውን ከታች እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም። ሳዳ ስትገዛ ክንዷን እስከ ክርኗ አስገብታ ከታች ዘግና ታወጣለች። አሁንም እንደዚያው ነው ያደረገችው። "እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ" አለች፤ "ልጅ ሲታመም አጠገቡ የሚቀመጠው ማነው?"

ለትምህርት ቤት የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም ብዬ ተነጫነጭሁ። ከሷ ጋር መከራከር ግን ድካም ስለሆነ ለሦስቱም ጻፍሁ። አንዱ መልስ አልሰጠም። ሁለተኛው የክሊኒኩን ፎቶ ላከ። የካናዳው ተማሪዎቹ በሚያድሩበት ቤት አብራቸው የምትኖር አንዲት ሴትዮ እንዳለች፣ ስሟን፣ ስንት ዓመት እንደሠራችና ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሲያተኩሰው ሾርባ እያጠጣች እንዴት እንዳስታመመችው ጻፈ።

"እዚህ ነው" አለች ሳዳ።

"በረዶ አገር ነው እኮ" አልኋት።

"በረዶ ጃኬት ያሸንፈዋል። ሰው ማጣትን ግን ምን ያሸንፈዋል?"

ቀጥላ ያስጠየቀችኝ ስለ ሐላል ምግብ ነበር፤ አለ አሉ። በዚሁ አለቀ።

ሁለት ወር ያህል ሠራን። የትምህርት ማስረጃ ማስተርጎም፣ ፓስፖርት ማውጣት፣ ቅጽ መሙላት። ናፊያ ስለ ራሷ ድርሰት እንድትጽፍ ስትጠየቅ ስለ ጅብ እንዳትጽፍ ከለከልኋት። የሐረር ልጅ ሁሉ ፈረንጅ ሲያይ ስለ ጅብ ነው የሚያወራው። እሷ ስለ ገበያ ሒሳብ ጻፈች፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ተቀምጬ የማርመው አጣሁ።

የመጨረሻው ገጽ የወላጅ ነበር። እናት ወይም አባት ስለ ልጃቸው በራሳቸው ቃል ይግለጹ ይላል። ሳዳ ሻሿን አስተካክላ እንዲህ አስጻፈችኝ፦

"ናፊያ ሰነፍ ናት። ጠዋት ካልቀሰቀሷት አትነሣም። ምግብ ትመርጣለች። መልኳም ያው እንደ ሰው ነው። ቁጥር ትንሽ ትሞክራለች፤ እሱም አላህ ካገዛት። ከተቀበላችኋት ታገሷት።"

አንዲት ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምሁት። ቅንጣት ታህል አልከነከነኝም። እዚህ አገር እናት ስለ ልጇ እንዲህ ካለች ልጅቷ ዕንቁ ናት ማለት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። እኔንም እናቴ "ይቺ ፉንጋ" እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ፉንጋ እንዳልነበርሁ ደግሞ ፎቶ አለ። ናፊያ ራሷ አጠገባችን ቁጭ ብላ እየሰማች ትስቅ ነበር። ደስ ብሎን ላክነው።

ባሥረኛው ቀን መልስ መጣ። የናፊያ ውጤትና ድርሰት እጅግ ጥሩ ነው ይላል። ይሁንና የእናቷ ጽሑፍ አሳስቦናል፤ እናቷ ልጅቷ እንድትሄድ አይፈልጉም ማለት ነው? ቤት ውስጥስ ችግር አለ? ቤተሰቧ ያልደገፋትን ልጅ ከአገሯ አውጥተን ለመውሰድ ስለምንቸገር ሐሙስ በቪዲዮ እናቷን እናነጋግር ይላል።

መጀመሪያ በነሱ ተናደድሁ። ቆየት ብዬ በራሴ ተናደድሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ለተማሪ "ቃሉን ሳይሆን ትርጉሙን ያዙ" ስል ኖሬ፣ የሰው ልጅ ዕድል እጄ ላይ ሲወድቅ ቃሉን ልኬ ትርጉሙን ቤት አስቀረሁት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ነጠላዬን ለብሼ ጊደር መጋላ ወረድሁ።

ሳዳ ኮረሪማ እየለቀመች ነበር። ስነግራት እጇን አቆመች።

"ታዲያ ምን እንድላቸው ነው የፈለጉት?"

"ጎበዝ ናት በያቸው።"

"ለማላውቀው ሰው? በስልክ? ዓይን ሐቅ ነው፣ ቲቸር፤ ያሞገሱት ልጅ ይበላል።"

"እንግዲያው አንቺ ደስ ያለሽን ተናገሪ። እኔ ጎበዝ ናት ብዬ እተረጉመዋለሁ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ክብደት እንዲያነሣልኝ ብዬ በርበሬ ላይ ውኃ ረጭቼ አላውቅም፤ ልጄ ላይ ልርጭ?"

ኮረሪማውን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ በሃያ ዓመት አንድም ቀን ያላነሣችውን ነገር አነሣች። ከናፊያ በፊት ዘምዘም የምትባል ልጅ ነበረቻት፤ በሦስት ዓመቷ እንደሞተች አውቃለሁ፤ ሌላውን አላውቅም።

"በዓይኑ ያጠፋብኝ ሰው አይደለም" አለች። "እኔው ነኝ። የኢድ ቀን ነው፤ አዲስ ቀሚስ አልብሻታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ 'እንደሷ ያለ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?' አልኩ። በዚህ አፌ። ብዙም አልቆየች፣ አተኮሳትና ቀበርኳት።"

"ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው ብሎ የለም እንዴ?" አልኋት፤ ጎረቤት ሲያወራ ሰምቼ ነበር።

"ሐኪሙ በምን እንደሞተች ነገረኝ። ለምን እሷ እንደሆነች ግን አልነገረኝም።"

ሐሙስ በአሥር ሰዓት ቤቴ እንድትመጣ ነግሬያት ሄድሁ።

መጣች። የክት ልብሷን ለብሳለች። ናፊያ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ አስደገፍሁት። የምዝገባ ክፍሉ ኃላፊ ሽበታም፣ ባለመነጽር፣ ፈገግታዋ የማያስፈራ ሴት ነበረች። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ አየሩ ጠየቀችን። ከዚያ፣ "ስለ ልጅዎ የሚወዱትን አንድ ነገር ይንገሩን" አለች።

ተረጎምሁላት። ሴትዮዋ ጠበቀች። ዝምታው ሲረዝም አላስችል አለኝና ልዋሽ አፌን ከፈትሁ። ሳዳ እጇን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገች።

"ይቆዩ፣ ቲቸር።"

ስልኩን ትታ ወደ ናፊያ ዞረች።

"ቢስሚላህ። ማሻአላህ፣ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አለች። ቀጠለች፦

"ስምንት ዓመቷ እያለ፣ ሳላውቅ ለአንዲት አሮጊት ሚዛን አጉድዬ ሰጥቼ ኖሯል። እሷ አይታ የጎደለውን በእፍኟ ይዛ እስከ ሸዋ በር ሮጠች። ሳትነግረኝ ሄደች ብዬ መታኋት። ወላሂ፣ እየመታኋት በሆዴ ያ ረቢ፣ ይቺን ለኔ ነው የሰጠኸኝ? እል ነበር። ቆንጆ ናት። ቆንጆ መሆኗን አሥራ አምስት ዓመት አውቄው ለራሷም ነግሬያት አላውቅም። ጎበዝ ናት። ከእኔ ትበልጣለች፤ ከአባቷም ትበልጣለች። እንዳትሄድ እፈልጋለሁ። እንድትሄድ ግን የበለጠ እፈልጋለሁ። ከመሄዷ በፊት ደግሞ ከኔ አፍ ትስማው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራት።"

ናፊያ ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቅ ነበር። እኔ ተረጎምሁ፤ የዚያን ቀኑ ትርጉም ግን ከበደኝ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አመሰግናለሁ፣ ገብቶኛል ብላ ተሰናበተችን።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ። ተቀብለዋታል፤ ስኮላርሺፑም ተፈቅዷል። ናፊያ ስልኳ ላይ አይታው እየሮጠች መጣችልኝ። ተያይዘን ለእናቷ ልናበሥር ወደ ገበያ ወረድን። ሳዳ ገና ከሩቅ ስታየን እጇን አንሥታ አስቆመችን።

"አሁን እንዳያነቡልኝ" አለች።

"ጥሩ ነገር ነው እኮ!"

"ይሁን። አያንብቡልኝ።"

ተቆጣሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልሁ። ቤቴ ከገባን በኋላ ናፊያ ነገረችኝ። ከሐሙስ ጀምሮ እናቷ መኝታዋን ከሷ አልጋ ሥር አንጥፋለች። ከሱብሒ ሶላት ስትነሣ ግንባሯን ትዳስሳለች፤ ገበያ ስትወጣ ትዳስሳለች፤ ስትመለስም ጫማዋን ሳታወልቅ ትዳስሳለች። ናፊያ የካናዳው ደብዳቤ ስልኳ ውስጥ ተቀምጦ ግንባሯን እየሰጠች ዝም ትላለች።

"ዘምዘም ከዚያ ኢድ በኋላ ስምንት ቀን ነው የቆየችው፣ ቲቸር" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አልተቆጣሁም። እኔም በየቀኑ፣ ያለ ወትሮዬ፣ ናፊያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆሜ ማየት ጀመርሁ።

ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ሳዳ ናት፤ ናፊያን በእጇ ይዛታለች። ሳዳ ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ፊቷም ከስቷል። የልጅቷን ግንባር እፊቴ አንዴ ደግማ ዳሰሰችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ልጄ ደህና ናት" አለችኝ። "አሁን ያንብቡልኝ።"