ገፈርሳ ላይ ወረደ የተባለው ተዳፋት

ንጋት፣ አስኮ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጭጋጉም አልተነሣም። ጉልበቴ ላይ ላፕቶፕ፣ ላፕቶፑ ላይ ካርታ፣ ካርታው ላይ አንድ ቀይ ቦታ። በተለያየ ጊዜ የተወሰዱ ሁለት የሳተላይት የከፍታ ካርታዎችን እኔና የቢሮ ባልደረቦቼ ብናነጻጽር፣ ከገፈርሳ በላይ ያለ ተዳፋት ዝቅ ብሎ አገኘነው። መሬቱ ተንሸራቷል ብለን ቀይ ቀባነው። በዚህ የተነሣ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ ከተዳፋቱ ሥር ለልጃቸው የጀመሩት ቤት ታገደ። ቦታውን አይቼ እገዳው ይነሣ ወይም ይጽና የምለው እኔ ነኝ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ "ወንድሜ፣ መንገድ የተዘጋበትንም ያሳያል?" አለ።

አያሳይም አልኩት። ፊቱን መለሰ።

ቡራዩ፣ ረፋድ

ጭቃ፣ ብሎኬት የጫኑ መኪኖች፣ ትኩስ ቦንቦሊኖ። ዋጋው ከባለፈው ጨምሯል፤ መጠኑ ቀንሷል። አንድ በልቼ ባጃጅ ያዝኩ።

ገፈርሳ

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ?" ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው፣ ኦቦ ቶሎሳን።

"ናጋ፣ ልጄ። ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ? የሚያገባው ልጄ በዚህ ቤት ምክንያት ሰርጉን አራዝሟል።"

ቀዩ ቦታ ላይ ስንወጣ ያገኘነው ጉቶ ብቻ ነው። ስንጥቅ የለም፤ አፈሩ ንቅንቅ አላለም። ለካ ሳተላይቱ የለካው የባህር ዛፉን ጫፍ ኖሯል። ዛፉ ሲቆረጥ መሬቱ የወረደ መሰለን።

"ለምን ቆረጡት?"

"ለቤቱ ቆርቆሮ ልገዛበት ነዋ።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኛ ነን። ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ቤቱ ወደተጀመረበት ወረድን። ከመንገዱ ቱቦ የሚወጣው የክረምት ጎርፍ ቦረቦር ቆፍሯል፤ አፉ ከመሠረቱ ችካሎች ሁለት እርምጃ አይርቅም። ጠባብ ስለሆነ ካርታችን ላይ የለም። አዘንኩ።

"እገዳው ይነሣል ኦቦ፤ እዚህ ግን አይሥሩ። በሚመጣው ክረምት ይወስደዋል።"

"የት ልሥራ ታዲያ?"

ጉቶዎቹ መሃል ወዳለው ደልዳላ ቦታ ጠቆምኩ።

"ቀይ ካላችሁት ላይ?"

"አዎ።"

ወደ ጉቶዎቹ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ፣ "ሰው መጥቶ ማን ፈቀደልህ ቢለኝስ?"

"የኔን ስም ይጥሩ።"

ስሜን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

ባጃጁ ሲነሣ ዞሬ አየሁ። ችካሎቹን አቅፈው ሽቅብ እየወጡ ነበር።