በአጥሩ ማዶ የሰማሁት የልጄ ትንፋሽ

የሰቆጣ እስር ቤት በር ዝቅ ያለ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ስገባ የሽንትና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ተቀበለኝ። ጥፋቴ፣ አበርገሌ ላይ ሰው በረሃብ እያለቀ ነው ብዬ አቤቱታ መጻፌ ነው። ያንኑ በአፉ ከተናገረ አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ጋር እግር ለእግር በአንድ ሰንሰለት አሰሩኝ። ሰውየው ጠጪ ስለነበር፣ እኔ የደብር አለቃው ናቅሁት፤ ስለ መጠጥም ቀን ከቀን ገሠጽሁት።

በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ስንቅ ይዛ መጣች። እሷን ከማየቴ በፊት የሁለት ወር ልጃችንን ትንፋሽ ሰማሁ፤ አየር በሳበ ቁጥር እንደ ጫጩት ሲጥ ይላል። እኔ ስታሰር እንዲህ አልባሰበትም ነበር።

«ጡት ሲይዝ ይብስበታል» አለችኝ በአጥሩ ክፍተት። «እንጥል ቆራጩ ነገ ይመጣል፤ እርስዎ እንዳዘዙት።»

አዎ፣ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። የፊተኛውን ልጃችንንም ያስቆረጥሁት እኔ ነኝ። ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው፤ እሷንም እንዳታለቅስ ተቆጣኋት።

ድሬሰሩ ሰንሰለቱን ሳብ አደረገ። «አለቃ፣ ዛሬስ ስብከት የለም? ይልቅ እንጠጋ።»

«ወዴት ነው?» አለ ዘበኛው።

«በዚህ እግራችን የት እንደርሳለን ብለህ ነው!» አለና በክፍተቱ አየ። «እህቴ፣ መቼ ጀመረው? ከንፈሩ ይጠቁራል?»

«በተወለደ በሳምንቱ። አይጠቁርም።»

«እስቲ ክንድሽ ላይ በሆዱ አስተኚው።»

አስተኛችው። ድምፁ ረገበ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

«እንጥል አይደለም» አለ ድሬሰሩ። «የጉሮሮው በር ገና ለስላሳ ነው፤ አየር ሲስብ ይከደንበታል። ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ቀና አድርገሽ፣ እያሳረፍሽ አጥቢው። ከጠቆረ ወደ ሐኪም ሩጪ። ምላጭ ግን አይንካው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አልሁት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«በጉሮሮው አይደለሁም፤ አላየሁትማ። በምላጩ ግን ነኝ።»

ቢሳሳትስ? ባለቤቴ ፊቴን ታያለች። ዘበኛው «በቃ!» እያለ ነው፤ እስረኛው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማል። ቃሌን በሰው ፊት አጥፌ አላውቅም ነበር።

«አታስቆርጪው» አልኋት። «ተሳስቻለሁ። በፊተኛውም ተሳስቻለሁ።»

ልጁን በሆዱ እንደያዘች ሄደች።

በማግስቱ ሌላ እስር ቤት ወሰዱኝና አምስት ወር ሙሉ የልጁ ወሬ ሳይደርሰኝ ቀረ። ስፈታ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆምሁ፤ መግባት ፈራሁ። ልጁ ውስጥ ሆኖ ይስቅ ነበር።

ዛሬ እሱም አባት ነው። ያን ቀን በሰው ፊት መንቀጥቀጤ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ የፊተኛውን ሳስቆርጥ አለመፍራቴ ነው።