ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ ተፈታኝ

መታወቂያዬን ከሸሚዝ ኪሴ ሳላወጣ ከልብሱ ጋር አጥቤው ፎቶዬ ስለለቀቀ፣ ሌላ ለማውጣት ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ያለው ሰው «የአመልካቹ ሙሉ ስም» አለ። ስሜን ነገርኩት። ዞር ብሎ ግራ እንደገባው ሰው አየኝና ቀጠለ፤ «የእናት ሙሉ ስም።»

«እሱን እንኳ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

ያን ጊዜ ጉልበቱ ላይ የዘረጋውን ቅጽ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ለካስ ለራሱ ነው የሚያነበው።

«ይቅርታ ወንድሜ፤ አፌ ነው» አለኝ። «ይሄ አፌ ያመጣብኝን ጉድ ብነግርህ ወረፋህን ጥለህ ትሄዳለህ።»

ወረፋዬን ጥዬ አልሄድኩም። ከፊታችን አርባ የሚሆን ሰው አለ፤ መስኮቱ ጋ ያለው ጸሐፊ ደግሞ ማህተሙን የሚያነሳው እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው። ስለዚህ ጠጋ አልኩ።

ሰውየው ሃምሳን ተጠግቷል፤ ግንባሩ እስከ አናቱ ሄዷል፤ የጣቶቹ ጫፍ በሽቦ ተፍቆ የነሐስ ሳንቲም መስሏል። ሥራው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር መስመር መዘርጋት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጣሪያ ጣሪያ ሲሳብ ኖሯል። ሥራውን ያስተማሩት አዛውንት ቴክኒሺያን መሰላል ላይ ወጥተው ጭንቅላታቸውን ኮርኒስ ውስጥ ይከታሉ፤ እሱ ከታች የሽቦውን ሌላ ጫፍ ይዞ ይቆማል። አይተያዩም። አንዱ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ፤ አንዷ ቦታዋን ከሳተች መስመሩ በድን ነው። ስለዚህ ደንቡ እየጠሩ ማስገባት ነበር፤ እሳቸው ከላይ «ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ» ይላሉ፣ እሱ ከታች ይደግማል። ሳይጠራ ያስገባ እንደሆነ አስፈትተው እንደገና ያሠሩታል። ከዚያ ወዲህ እጁ የነካውን፣ ዓይኑ ያየውን ሁሉ አፉ ካልጠራው አይሆንለትም። በመሥሪያ ቤቱ «ሬዲዮ» ነው የሚሉት።

«ከባለቤቴ የደበቅሁት ነገር የለም» አለኝ። «ጨዋ ሆኜ አይደለም። ብፈልግም አልችልም።»

ሬዲዮ የመስመር ክፍሉ ተጠባባቂ ኃላፊ ሆኖ አራት ዓመት ሠርቷል። በቅርቡ አንድ ደብዳቤ ወጣ፤ የሙያ ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ኃላፊ አይሆንም፣ ቀነ ገደቡም የወሩ መጨረሻ ነው። እሱ የኔትወርክ ፈተናውን ካላለፈ ወንበሩን የሚረከበው ደግሞ «ባለሰባቱ» ነው።

«ባለሰባቱ ማነው?»

«ወንበሩ ከኔ ወንበር ጎን ነው። ሰባት ምስክር ወረቀት አለው፤ በመስታወት አስገብቶ ከጀርባው ደርድሯቸዋል። ሰባቱንም ሌላ ሰው ነው የተፈተነለት።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ራሱ ነዋ የነገረኝ፣ እየኮራ። ‹ጋሼ፣ ምን ያደክምሃል? ቁጥሩን ልስጥህ። አንተ ካሜራው ፊት ቁጭ ትላለህ፣ ሰውየው ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት ገብቶ ይመልስልሃል› አለኝ። ይሁን። ባለፈው ሰኞ ግን ምን ይዞ መጣ መሰለህ? ሽቦ። ‹ጋሼ፣ ብርቱካናማው ከየት በኩል ነው የሚጀምረው?› ይለኛል። በሰባት ምስክር ወረቀት።»

«ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ፣ ጠራሁለት እንጂ። አፌ መች ያስችለዋል።»

ወረፋው ሁለት ወንበር ተንፏቀቀ፤ እኛም አብረን ተንፏቀቅን።

የመጀመሪያውን ፈተና የወሰደው ቤቱ ሆኖ በካሜራ ነበር። በር ያለው ክፍል መኝታ ቤቱ ብቻ ስለሆነ ላፕቶፑን እዚያ አስቀመጠ። ከማያውቀው አገር ሆና ፈተናውን የምትቆጣጠር አንዲት ድምፅ አልጋ ሥር አሳየኝ አለችው፤ አሳየ። ቁም ሣጥን ክፈት አለችው፤ ከፈተ። ቀጥላ «ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው?» አለች።

«እኔና ባለቤቴ ነን፤ የሠርጋችን ፎቶ ነው።»

«ክፍሉ ውስጥ ከእርስዎ በቀር የሌላ ሰው ፊት መታየት የለበትም።»

አወረደው። ፈተናው ተጀመረ። አንደኛውን ጥያቄ አንብቦ ሳይጨርስ ድምፅዋ መጣች፤ «ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል። ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከጥያቄው ጋር።»

አልሳቀችም። እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ «እጅዎን ከፊትዎ ያንሱ» አለችው። ከንፈሩን ነክሶ እየታገለ እስከ ስምንተኛው ደረሰ።

«ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሽቦ ነበር» አለኝና ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ወንድሜ፣ ስለ ሽቦ። ስምንቱም ቀለም ባንዴ ከአፌ ወጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ‹ፈተናው ተቋርጧል› ብቻ። ባለሰባቱ ግን እዚያው ካሜራ ፊት ሰባት ጊዜ ተቀምጧል፤ ማንም አንድ ቃል አላለውም። እሱ ምን ያነባል? አፉን ገጥሞ እንደ ሐውልት ይቀመጣል። ካሜራ የሚወደው እንደዚያ ያለውን ነው።»

«ያኔ ለዚያ ሰውዬ ደውል ደውል አላሰኘህም?»

ቅጹን ጉልበቱ ላይ ሁለት ቦታ አጠፈው።

«አሰኘኝ እንጂ። ባለሰባቱ የሰጠኝን ቁጥር አውጥቼ ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እየጠራሁ ነው የምጽፈው፤ ባለቤቴ ከሳሎን ሰማች። ገብታ ፎቶው አልጋው ላይ ተደፍቶ አየችው። ‹መጀመሪያ እኔን ከቦታዬ መልሰኝ፣ ከዚያ ወደፈለግህበት ደውል› አለች። መዶሻ ፈልጌ፣ የላላውን ምስማር መትቼ፣ ፎቶውን አቃንቼ ሰቀልኩት። ስጨርስ ስልኩን የት እንዳስቀመጥሁት እንኳ ረሳሁት።»

ሁለተኛውን ፈተና በአካል ለመውሰድ ፈተና ጣቢያ ሄደ፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እየጠራ ገባ። ኪሱን ገለበጠ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ መነጽሩን አውልቆ አስመረመረ። ተቆጣጣሪዋ መታወቂያውን ተቀብላ አንዴ ካርዱን፣ አንዴ እሱን አየች። ፎቶው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተነሳ ነው።

«ይሄ ልጅዎ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፂሙስ?»

«ተላጨሁት።»

«ፀጉሩስ?»

«እሱ በራሱ ፈቃድ ሄደ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካርዱን መለሰችለት። «አባቴ፣ እኔ አምንዎታለሁ፤ ግን ማመን ሥራዬ አይደለም። ባለፈው ሳምንት በሰው መታወቂያ የገባ ሰውዬ አሳልፌ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ፊትዎን የሚመስል መታወቂያ ይዘው ይምጡ።»

«በሷ እንኳ አልተናደድኩም» አለኝ። «የተናደድኩት በነዚያ ነው። ሌባው በፊት በር ገብቶ በፊት በር ይወጣል፤ ከኋላው ያለነው ኪሳችንን ስንገለብጥ እንውላለን። ብቻ ስወጣ ‹ልጄ፣ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ይከለከላል?› ብዬ ጠየቅኋት። ‹ድምፅ ካላወጡ ከንፈርዎ የራስዎ ነው› አለችኝ። ባንድ ወር ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው። ማታ ማታ ባለቤቴን አጠገቤ አስቀምጬ ድምፄን ዋጥ አድርጌ ማንበብ እለማመዳለሁ። ድምፅ ሳወጣ በክርኗ ትለኛለች። ጎኔን ብታየው።»

አዲሱ ቀጠሮው ነገ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከነገ ወዲያ ወሩ ያልቃል።

በመጨረሻ ተራው ደርሶ ፎቶ የሚነሳበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከካሜራው በላይ ግድግዳው ላይ በትላልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ነበር፤ እሱም ቀና ብሎ ሲያየው ከንፈሩ ተላቀቀ፤ «ፎቶ ሲነሱ አይናገሩ።»

«አፍዎን ይግጠሙ» አለ ፎቶ አንሺው።

ገጠመ። ቀና አለ። «ፎቶ ሲነሱ አይናገሩ።»

«እንዳይናገሩ ነው እኮ የምልዎት።»

«እሱን እኮ ነው የማነበው፣ ጌታዬ።»

ከኋላችን ያለችው ሴትዮ ትዕግሥቷ አልቆ «እባክህ ያን ወረቀት ንቀልለትና እንገላገል» አለች።

«ያለ ኃላፊ ትእዛዝ አይነቀልም።»

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። ፎቶ አንሺው ሦስተኛውን ሞክሮ፣ ወረፋውን አይቶ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና «የመጣው ይምጣ» ብሎ አራተኛውን አነሳ። ዓይን ክፍት፣ ጆሮ ሙሉ፣ ፊት ቀጥ ያለ። አፉ ግን «አይና» ላይ ቀርቷል።

«ልሰርዘውና ነገ ጠዋት ይምጡ?» አለው።

«ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ያደርገኛል?» አለ ሬዲዮ። «አትመው።»

የኔም ጉዳይ አልቆ ስወጣ በሩ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ። ካርዱ ገና ትኩስ ነው፤ በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ ያየዋል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሊናገር አፉን ከፍቶ ተራ የሚጠብቅ ይመስላል።

«በዚህ ያስገቡህ ይሆን?» አልኩት።

ካርዱን ደረት ኪሱ ውስጥ አስገብቶ ከላይ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ እጄን ጨበጠኝ።

«ያቺ ተቆጣጣሪ ልጅ ‹ይሄ እርስዎ ነዎት?› ካለችኝ» አለኝ፣ «የበራቸውን ጽሑፍ አነብላታለሁ፤ አፌን ከፎቶው ጋር ታስተያየው።»